የካፒቴኑ እንክርዳድ

ማሬ ምክር አትሰማም። ይህን የሲናን አገር ሰው ሁሉ ያውቃል፤ ከሁሉ ይልቅ ራሷ ታውቀዋለች። «የእኔ ራስ ከጥድ ጉቶ የተጠረበ ነው፣ ምሳርም አይገባው» እያለች በራሷ ትስቃለች፤ ስቃ ስታበቃ ግን ያንኑ ያሰበችውን ትሠራለች። ባሏ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ አንድ ነገር እንድትሠራለት ሲፈልግ እንዳትሠራው ይለምናት ነበር ይባላል።

ጣሊያን ደብረ ማርቆስ ላይ ምሽጉን ሠርቶ በተቀመጠበት ዘመን፣ ክረምቱ ሊወጣ ዝናቡ ሲሳሳ፣ በጣሊያን ሥር የተቀጠሩ ወታደሮች፣ አስካሪዎቹ፣ ወደ ሮብ ገበያ በኩል ወጥተው ከብት ነዱ። ከማሬ ሁለት በሬዎች ዳልቻውን ወሰዱባት። ቦራው ከገደሉ ሥር ሲግጥ ስላላዩት ቀረላት። አንድ በሬ ደግሞ ለብቻው ቀንበር አይሸከምም። ገብሱ ሊደርስ ነው፤ አጨዳና ውቂያ አለ፤ ከዚያም እርሻው ይከተላል። ዳልቻ ካልተመለሰ መሬቷን ጥማድ በሬ ላለው ሰው በእኩል ልትሰጥ ነው። ማሬ እንኳን ገብስ፣ ነገርም ቢሆን ለሰው በእኩል ሰጥታ አታውቅም።

ወንድሟ አለበል፣ ባሏ ከሞተ ወዲህ የሚያርስላት እሱ ነው፣ ወደ ደብረ ማርቆስ ልትወርድ ስትነሳ በሩ ላይ ቆመባት።

«ተይው እታለም። የሄደ ከብት ነው። በሬዬ ብለሽ ብትጠይቂ አንቺንም ያስሩሻል።»

«ታዲያ ከበሬዬ ጋር ያስሩኛላ» አለችና በጎኑ አለፈች።

ከተማ ስትደርስ በቀጥታ የሄደችው በሽር ሱቅ ነው። በሽር ጨውና አቡጀዲ ይሸጣል፤ ማሬም ቅቤ ስታመጣለት ስንት ዘመኗ። ለንግድ አሥመራ ድረስ ሲመላለስ የጣሊያኖቹን ቋንቋ ስለለመደ፣ ወደደም ጠላም አስተርጓሚ አድርገውት ነበር።

«በሬሽ ምሽጉን ከሚያዝዘው ካፒቴን በረት ገብቶ ይሆናል» አላት። «ከቤቱ ጀርባ ነው፣ ለጦሩ የሚታረደውን እዚያ ያስቀምጡታል። ግን ዝም ብሎ አይሰጥሽም።»

«የወሰደው ዝም ብሎ አይደለም እንዴ?»

«እት ማሬ፣ እኔ ይህንን አልተረጉምም።»

ካፒቴኑ ከቤቱ በረንዳ ላይ በወንበር ተቀምጦ ደጁን ያይ ነበር። ቀጭን፣ አንገተ ረጅም ሰው ነው። ደጁ ላይ ያለው ደግሞ ሣር ነው፤ ሌላ ምንም የለም። ዙሪያውን በድንጋይ ተከቦ፣ መካከሉ ላይ አንድ ዛፍ እንኳ ሳይኖር፣ ገና አንድ ስንዝር የማይሞላ ሣር። ሲንከባከበው የነበረው ሰው በክረምቱ ሹልክ ብሎ ጫካ ገብቷል። ካፒቴኑ ሣሩን የሚይዝለት ሰው አጥቶ ተቸግሯል፤ በሬ ሊጠይቅ የመጣ ሰው ሲያይ ደስ አለው።

«በአገራቸው ይህ ወቅት የሣር ወቅት ነው ይላል» ብሎ በሽር ተረጎመ። «ዝናቡ ሲያበቃ ሣር ይታረማል፣ በልኩ ይታጨዳል፣ ፍግ ይበተንለታል፤ መሬቱም አየር እንዲገባው በመንሽ ይወጋል።»

«ምን እንዲገባው?»

«አየር።»

ማሬ መሬቱን አየችው። «ታፈንሁ ብሎ ነግሮት ነው?»

በሽር ወደ ካፒቴኑ ዞሮ አንዲት አጭር ቃል ተናገረ።

«ምን አልኸው?»

«እሺ ብላለች አልሁት።»

«ሣሩን ለማን ያበላዋል? ለበቅሎው?»

«ለማንም አያበላውም። ለማየት ነው።»

ማሬ ይህን ለመረዳት ጊዜ ወሰደባት። ሰው ሠራተኛ ቀጥሮ፣ ፍግ አልብሶ፣ መሬት ወግቶ ሣር ያበቅልና ቁጭ ብሎ ያየዋል። ከብቶቹ ደግሞ ከጀርባ በረት ውስጥ ይራባሉ። «እኛን ያሸነፉን እነዚህ ናቸው?» ልትል አፏን ስትከፍት በሽር ቀደማት።

«ትልቁ አለቃቸው በጥቅምት ለጉብኝት ይመጣል። ያን ቀን ይህ ደጅ አረንጓዴ ምንጣፍ ከመሰለ በሬሽን ይዘሽ ትሄጃለሽ። ካልሆነ በሬው ለአለቃው ግብዣ ይታረዳል። ቃሉ ይህ ነው።»

ማሬ እሺ አለች። በሽር ሱቅ ጓዳ ከሚስቱ ከሸሪፋ ጋር እያደረች፣ ጠዋት ጠዋት ማጭዷን ይዛ ካፒቴኑ ደጅ ትገባ ጀመር።

በመጀመሪያው ቀን ከበረቱ ግንብ ወዲያ በሬ ሲያገሳ ሰማች። «ዳልቻዬ ነው፤ ጠረኔን አውቆ ነው የሚጠራኝ» አለች። በረቱ ደጃፍ ላይ አስካሪ ስለቆመ ገብታ ልታየው አልቻለችም፤ ግን ካጨደችው ሣርና በመካከሉ ከበቀለው ማገጥ ጠቅለል አድርጋ በግንቡ ላይ ወዲያ ወረወረችለት። ሲያኝክ ሰማችው።

«ምናልባት የሌላ ሰው በሬ ቢሆንስ?» አላት በሽር በማታው።

«የበሬዬን አስተኛኘክ የማላውቅ መሰለህ?»

ከዚያ ወዲያ በየቀኑ በግንቡ ላይ ሣር ትወረውራለች፤ እየወረወረችም ታወራዋለች። ስለ ቦራው፣ ስለ ገብሱ፣ ስለ አለበል ስንፍና። በሬውም ያገሳል። እንዲህ ያለ የሚያዳምጣት ፍጡር ኖሯት አያውቅም።

አረሙ ላይ ስትደርስ ግን ነገር መጣ። ጎንበስ ብላ ሣሩን በጣቷ ፈልፈል ብታደርግ፣ ቅጠሉ ጀርባው ያብለጨልጫል፤ ከሥሩ ደግሞ ቀላ ያለ ነው። ማሬ ይህንን ቅጠል ከልጅነቷ ጀምሮ ታውቀዋለች። ስንዴና ገብስ መካከል ተደብቆ የሚበቅል፣ ከእህል ጋር ተፈጭቶ ሰውን ራሱን የሚያዞር፣ ሲያዩት እህል የሚመስል፤ እንክርዳድ ነው። ሌላ ሊሆን አይችልም። የካፒቴኑን ደጅ ከዳር እስከ ዳር እንክርዳድ ወሮታል። በመካከሉ እዚህም እዚያም ያለችው ደህና ነገር ማገጥ ብቻ ናት፤ ከብት የሚወዳት፣ ትንንሽ አበባ ያላት።

በሽር በዚያ ሲያልፍ ጠራችውና አሳየችው።

«ካፒቴኑን ጠይቂው» አላት። «የትኛው ይነቀል፣ የትኛው ይቅር ብለሽ።»

«እኔ? አረም የትኛው እንደሆነ ፈረንጅ ልጠይቅ?»

«ዝም ብዬ ነው የምልሽ። ደጁ የእሱ ነው።»

«ደጁ የእሱ ይሁን። እንክርዳዱ ግን የእኔን አገር እንክርዳድ ነው የሚመስለው። ያ ጫካ የገባው ሰው ሆን ብሎ ዘርቶበት ነው የሄደው፤ ጎበዝ ነው፣ እኔም ብሆን አደርገው ነበር። አሁን ግን በሬዬ ተይዟል።»

በሽር እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ ሄደ።

ማሬ ነቀለች። ወገቧ እስኪቆረጥ ነቀለች። ለበሬዋ የምታደርገው ነውና፣ በራሷ እርሻ ላይ እንኳ እንዲህ አጥርታ አርማ አታውቅም። አንዲት ቅጠል እንዳትቀር እየተመለሰች ፈተሸች። እንክርዳዱን ለበሬው አልወረወረችለትም፣ እንዳያዞረው ብላ፤ ከበረንዳው ፊት ከመረችው። ሥራው ሲያልቅ ደጁ ቀይ አፈር ሆኖ፣ ማገጧ ብቻ እዚህም እዚያም ጉች ጉች ብላ ቀረች። ማሬ ዞር ብላ አየችውና ኮራች። በሽርን አስጠርታ ካፒቴኑ እስኪመጣ ክምሩ አጠገብ ቆመች።

ካፒቴኑ መጣ። አየ። ባርኔጣውን አወለቀ።

«ንገረው» አለች ማሬ። «ደጅህን የወረረው የሚያሳብድ እንክርዳድ ነው፤ ጠላት ነው የዘራብህ፤ እኔ ከሥሩ ነቅዬልሃለሁ፤ ሌላ ሰው ቢሆን አያውቀውም ነበር በለው።»

በሽር ይህንን አልተረጎመም። ካፒቴኑ ግን ተናገረ፤ ብዙ ተናገረ፤ እጁን እያወራጨ፣ ወደ ሰማይ እያየ፣ ክምሩን በጫማው እየመታ። አስካሪው ከበረቱ በር መጥቶ ቆመ።

«ምን ይላል?» አለች ማሬ። ኩራቷ ከእግሯ በኩል መፍሰስ ጀምሯል።

«ዘሩ ከአገሩ በመርከብ የመጣ ነው ይላል። ሆን ብሎ ያስዘራው ነው ይላል። ያንን ነው ነቅለሽ የከመርሽው ይላል።»

«እንክርዳድ ሆን ብሎ?»

«ለእነሱ ሣር ነው እት ማሬ።»

ማሬ ክምሩን አየች፣ ባዶውን አፈር አየች። በሕይወቷ እንደዚህ ንጹሕ አድርጋ የሠራችው ሥራ ይህ ነው፤ አሁን ለዚህ ሥራ ነው ዳልቻን የሚያርዱባት። ሳቅ ቃጣት፤ ግን አስካሪው ጠመንጃ ይዟል። ጉቶ ራሷን በሁለት እጇ ያዘችው። ጠይቂ ስትባል ብትጠይቅ ኖሮ ምን ይጎድልባት ነበር? አንድ ቃል ነው። ለበሬ ስትጮህ ስንት ቃል ታወጣለች።

«ለአለቃው ጉብኝት አረንጓዴ ይሁን ብሏል አይደል?» አለች ቀስ ብላ። «አረንጓዴ ይሆናል በለው። ቃሉን አይጠፍ፤ እኔም አላጥፍም።»

«በምን?»

«በሰርዶ።»

በሽር ዞሮ አያት። ማሬ ቅቤ ይዛ በመጣች ቁጥር ሰርዶን ስትረግም ነው የሚያውቃት፤ ሥሩን ሲቆርጡት ከየአንጓው የሚበዛውን፣ ፀሐይ ላይ አድርቀው ቢጥሉት በመጀመሪያው ዝናብ የሚነሳውን፣ ማረሻ ተብትቦ የሚይዘውን።

«ልተርጉመው?» አላት።

«ተርጉመው። ሳልሸሽ።»

ካፒቴኑ ሰማና ትከሻውን ነቀነቀ። ካልበቀለ በሬው መታረዱ ሳያንስ እሷም እንደምትታሰር በሽር ጨምሮ ነገራት።

ከዚያ ወዲያ ያለው የማሬ ሥራ ለሰው የሚነገር አልነበረም። የበሽርን አህያ ይዛ ከከተማው ወጣ ብላ ከመስኩ ዳር ሰርዶ ከነአፈሩ በዶማ እየቆረጠች፣ በጆንያ እየጫነች ታመጣለች። በመንገድ ያገኟት የአገሯ ሰዎች ቆመው ያዩዋታል።

«ምን ጫንሽ ማሬ?»

«ሰርዶ።»

«ልትጥይው?»

«ልተክለው።»

ሰዎቹ ተያዩ። አንዷ ሴትዮ እንደ ማማተብ አድርጋ ግንባሯን ነካች። ይህ በሮብ ገበያ ሲወራ አለበል ሰምቶ እየሮጠ መጣ፤ ከበሽር ሱቅ ደጅ አገኛት።

«ሰው ጫካ ገብቶ ይዋጋል፣ አንቺ የጣሊያን ደጅ ላይ አረም ትተክያለሽ። ስማችን ጠፋ።»

«ስማችን አይታረስበትም። ዳልቻ ነው የሚታረስበት።»

«ሰርዶ ደግሞ! ማንም ያበደ እንኳ ሰርዶ አይተክልም።»

«አውቃለሁ አለበል። እንዳበድሁ አውቃለሁ። ይልቅ ይህን ጆንያ አንሣልኝ።»

አለበል አነሣ። ደጁ በር ድረስ ይዞላት፣ ሰው እንዳያየው ነጠላውን ተከናንቦ ተመለሰ።

ማሬ ደጁ ላይ ተንበርክካ ሰርዶውን በየአንጓው እየቆረጠች ትተክላለች። መሬቱ በክረምቱ ዝናብ ተጠቅጥቆ ደርቋልና ሥሩ አልገባ ሲላት፣ ካፒቴኑ መሬቱን ይወጋበት የነበረውን ባለ ጥርስ መንሽ አነሣች። ማንም እንዳላያት ዞር ዞር ብላ አይታ ወጋችው። ገባ። አፈሩ ላላ፤ ሥሩም በቀዳዳው ውስጥ ሸርተት ብሎ ገባ። «አየር» አለች ለራሷ፣ ጥርሷን ነክሳ። ከዚያ በኋላ መሬቱን ሁሉ ወጋችው፤ ግን ካፒቴኑ በረንዳው ላይ ብቅ ሲል መንሹን ትጥልና በእጇ የምትቆፍር ትመስላለች።

የበሰበሰ ፍግ ከበረቱ አስካሪ ለምና በተነችበት። ውኃ ከምንጩ በእንስራ እያመጣች ጠዋትና ማታ አጠጣችው። እያጠጣችም ትለምነው ነበር። «በል አንተ የዘር ማንዘሬ ጠላት። እርሻዬ ላይ ሳልጠራህ ትመጣለህ። አሁን ጠርቼሃለሁ። አታሳፍረኝ።» ከግንቡ ወዲያ በሬው ያገሳል። «እየሞከርሁ ነው ዳልቻ» ትለዋለች።

ሰርዶ ሰርዶ ነው። በሳምንቱ ቀና አለ። ከዚያ እጁን በየአቅጣጫው ዘረጋ። አለቃው ይመጣል በተባለበት ቀን ዋዜማ ማሬ ማጭዷን ስላ፣ ቁጢጥ ብላ፣ ጫፍ ጫፉን እንደ ሕፃን ፀጉር እኩል አድርጋ ከረከመችው። ከበረንዳው ሲያዩት አረንጓዴ ምንጣፍ ነበር፤ ይህን ካፒቴኑም አልካደም።

አለቃው መጣ፤ ወፍራም ሰው ነው። ሣሩን እንኳ አላየውም። ሲጋራውን ጨርሶ ጥሎበት ገባ።

ማሬ ከአጥሩ ሥር ሆና ይህን አየች። በሽርም አየ። ማሬ «ለማየት ነው አላልኸኝም?» አለችው።

ካፒቴኑ ግን ቃሉን አላጠፈም። በማግስቱ በሽርን ጠርቶ በሬዋን ትውሰድ አለ። አስካሪው የበረቱን በር ከፈተ። ማሬ ለዳልቻ የሚሆን ማገጥ በእጇ ይዛ ገባች። በረቱ ውስጥ አንድ በሬ ብቻ ነው የቆመው፤ ቀይ ነው፣ ግንባሩ ላይ ነጭ አለው፣ አንዱ ቀንዱ ወደ ታች የታጠፈ። በሕይወቷ አይታው አታውቅም።

በሬው አያትና አገሳ። ያው የምታውቀው ድምፅ ነው።

«የእኔ የት ነው?» አለች።

አስካሪው ለበሽር መለሰለት። በሽር መሬት መሬት እያየ ተረጎመ። «ዳልቻው የታረደው በመስቀል ሰሞን ነው ይላል። ይህ ከዚያ በፊትም እዚሁ ነበር፤ አለቃው ዓሣ እንጂ ሥጋ አይወድም ስለተባለ ነው የተረፈው።»

ማሬ ማገጡን እንደያዘች ቆመች። ያ ሁሉ ሰርዶ፣ ያ ሁሉ እንስራ ውኃ፣ ያ ሁሉ ልመና። ዳልቻ ታርዶ በተበላበት ጊዜ እሷ ከግንቡ ወዲህ ሆና የአንድን የማታውቀውን በሬ አስተኛኘክ ታመሰግን ነበር። የቤተሰቧን ምሥጢር ሁሉ ነግራዋለች።

«አስተኛኘኩን አውቀዋለሁ ነበር ያልሁህ፣ አይደል?» አለች።

«ብለሻል» አለ በሽር።

«ይህ በሬ የእኔ አይደለም። አልወስደውም።»

«እት ማሬ።»

«የሰው ነው። ከሰው ቤት ነው የተነዳው፣ እንደ እኔው። የሰው በሬ ነድቼ አገሬ ልግባ?»

«ካልነዳሽው ነገ ይታረዳል። ባለቤቱ ያኔ ምን ይጠቅመዋል?»

ማሬ ማገጡን ለበሬው ዘረጋችለት፤ ከእጇ በላ። ከዚያ ገመድ አንገቱ ላይ አጠለቀችና ወጣች።

በመንገድ ሁሉ ትጠይቃለች፤ «ይህን በሬ የሚያውቅ አለ?» የሚያውቅ የለም። ቤቷ ስትደርስ አለበል በሬውን አይቶ «ይህ ማን ነው?» አላት። ነገረችው። ሲስቅ ወንበር ይዞ ነው። ከሳቁ ሲመለስ፣ «እሺ፣ እግዜር ሰጠሽ። ከቦራው ጋር እንጠምደዋለን» አላት።

«ባለቤቱን ሳልፈልግ አይጠመድም።»

«እታለም፣ አንድ ቀን እንኳ ቢሆን—»

«አይጠመድም አልሁህ።»

ረቡዕ ሮብ ገበያ ይዛው ወጣች። ከብት መሸጫው አጠገብ ገመዱን ይዛ ቆመች። ሰው ዋጋ ይጠይቃታል፤ አይሸጥም ትላለች። «ካልተሸጠ ለምን አመጣሽው?» ሲሏት፣ «ለማየት ነው» ትላለች። ያቺ ማሬ አሁን በሬ ለማሳየት ገበያ ታወጣ ጀመር እያሉ ሳቁባት። ማሬም አብራ ሳቀች፤ ምን ታድርግ።

ፀሐይ ሲያጋድል በሬው ድንገት ራሱን አቀና። ገመዷን ጎትቶ በሰው መካከል ተራመደ፤ ማሬም ተንጠልጥላ ተከተለችው። አንድ ጸጉሩ የሸበተ ሰው ጨው ሊገዛ ጎንበስ ብሎ ነበር። በሬው አፍንጫውን ጀርባው ላይ አሳረፈበት።

ሰውዬው ዞረ። «ሸጋው» አለ። በሬውን አንገቱን አቀፈና ማሬን አየ። እንዳላማው ይባላል፣ ከተራራው ወዲያ ነው አገሩ፤ ያለው በሬ ይህ አንድ ብቻ ነበር። ከየት እንዳገኘችው ጠየቃት፤ ከመጀመሪያው ጀምራ ነገረችው። እንክርዳዱን ሳትደብቅ፣ ሰርዶውን ሳትደብቅ፣ በግንቡ ላይ ያወራችውን ሁሉ። ዙሪያ የተሰበሰበው ሰው ሲስቅ ቆም እያለች ትጠብቀው ነበር።

እንዳላማው አልሳቀም። በሬውን ከጎኑ ዳሰሰው። «ወፍሯል» አለ። «እኔ ቤት ሳለ እንዲህ ወፍሮ አያውቅም።»

«የካፒቴኑን ሣር በልቶ ነው።»

«ምን ላድርግልሽ?»

«ምንም። በሬህ ነው፣ ውሰድ።» ገመዱን ሰጠችው። እጇ ባዶ ሲሆን ግን ዓይኗን ወደ ሌላ አዞረች።

እንዳላማው ግን አልሄደም። «አንድ ቀርቶልሻል አይደል? እኔም ያለኝ አንድ ነው። በሬዎቻችንን እናቀናጅ። ሳምንት ለአንቺ ይረስ፣ ሳምንት ለእኔ። ውቂያውንም እንዲሁ።»

ማሬ ቶሎ ብላ «አይሆንም» አለች፤ እንደ ልማዷ፣ ሳታስበው። ከሰው ጋር ተቀናጅታ አታውቅም፤ የሰው በሬ ከእሷ በሬ ጋር፣ የሰው ሐሳብ ከእሷ ሐሳብ ጋር። አብሯት ገበያ የወጣው አለበል ከኋላዋ አልሳለም፣ አላጉረመረመም፣ ተቀበይ ብሎም አልመከራትም። ምናልባት ለዚህ ይሆናል ማሬ እንደገና ያሰበችው።

«መጀመሪያ የሚያርሰው ማን ነው?» አለች።

«ገብስሽ ቀድሞ የሚደርስ ከሆነ አንቺ።»

«ያንተ የት ነው የተዘራው?»

«ከወንዙ ወዲህ።»

«እሱ ይዘገያል። መጀመሪያ የእኔ ነው።»

«ጨርሰሽ አታውቂውም እርሻዬን።»

«አይቼው እነግርሃለሁ» አለች ማሬ። «ወይም፣» አለችና የሸጋውን ጀርባ ዳሰሰች፣ «ወይም አንተው ንገረኝ። የትኛው ይቅደም?»